አረቄ የማይቆርጠው ስብ

ሁለት የፊት ጥርሶቼን ያወለቃቸው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ያወለቃቸውም በባሌ ሳልስት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ የአሶሳ ሰው እያየ ነው። ቢያድግልኝ ይባላል። ልኳንዳ ቤት አለው፤ እጁ የበሬ ታፋ ሲያነሳና ሲጥል የሚውል እጅ ነው። በቡጢ አንዴ ነው የመታኝ። ሁለተኛ አላስፈለገውም።

«ወንድሜን በረሃብ ገደልሽው!» አለ። «ቅቤ ከለከልሽው፣ ጮማ ከለከልሽው፣ እንደ ፍየል ቅጠል አበላሽው፣ ገደልሽው!»

ደሜን ከነጥርሴ በነጠላዬ ጫፍ ተቀበልኩት። ሰዎቹ እሱን እቅፍ አድርገው ይዘው «ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው» ይላሉ። እኔን የያዘኝ አልነበረም። በሳምንቱ ሽማግሌዎች አስታረቁን። አስታረቁን ማለት እኔን አስጎንብሰው የእሱን ጉልበት አሳሙኝ። ከዚያ ወዲህ ተሻለች የሚለው ስሜ ቀረና ቅቤ ከልካይ ተባልኩ። ይኸው ስምንት ዓመት፣ የበቆሎ እሸት ግጬ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

እኛ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነን መጥተን እዚህ የሰፈርን ነን። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ባሌ ታምሩ አሥር፣ ቢያድግልኝ አሥራ አምስት። የእነሱ እናት እዚህ ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች። ቢያድግልኝ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ስትሞት ክንዷ ከእሱ አውራ ጣት አይወፍርም ነበር። ቀብሯት ሲመለስ «ከእንግዲህ ከቤተሰቤ ከስቶ የሚሞት የለም» ብሎ ማለ። ያደረገው ሁሉ ከዚያ መሐላ የመጣ ነው፣ እሱን አልክድም። ከረሃብ የተረፈ ሰው ስብ ሲያይ ፈጣሪውን ያየ ይመስለዋል። እኛ ሰፋሪዎች ዘንድ ሚስት የምትመዘነው በባሏ ጉንጭ ነው። ከወፈረ ትመሰገናለች። ከከሳ ጎረቤት ሁሉ ከንፈሩን ይመጥባታል።

ቢያድግልኝ ልኳንዳው ውስጥ አንድ ሥርዓት አመጣ። አዲስ ቢላዋ የሚቀበል፣ ማለት ሥጋ ቆራጭ የሚሆን ሰው መጀመሪያ አንድ ዋንጫ የቀለጠ ላት ይጠጣል። የበግ ላት፣ ትኩሱን፣ ጨው ብቻ ጣል ተደርጎበት። ከላዩ ሁለት መለኪያ አረቄ ይደፋበታል። «አረቄ ስቡን ይቆርጠዋል። ጉልበቱ ይቀራል፣ ቆሻሻው ይወጣል» ይላሉ። ይህን የማያምን ሥጋ በላ ወንድ እስከዛሬ አላጋጠመኝም። ታምሩም ያምን ነበር። ከእርሻው ሲመለስ ወንድሙ ጋ ጎራ ይላል፣ ጮማውን ይቆርጣል፣ አረቄውን ይገለብጣል፣ ከዚያ ቆሻሻው የወጣለት ይመስለዋል።

አንድ ቀን ማሳ ውስጥ ደረቱን ጨምድዶ ይዞት አፈር ላይ ተቀመጠ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሙዳሲር የሚባል የበርታ ልጅ አለ፣ ጤና መኮንን ነው፤ ያኔ ገና አዲስ ነበር። መረመረውና «የሚረጋ ቅባት ተው» አለው። ቅቤ፣ ላት፣ ሞራ፣ ያ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ዘይትም ቢሆን። እኔም እሺ ብዬ ቤቴን ለቅቤና ለላት ዘጋሁ። ከኩርሙክ በኩል የመጣች ብኸይታ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፣ ሰሊጥ ትጨምቃለች። የእሷን ዘይት መግዛት ጀመርኩ። ታምሩ እቤት ምስር በሰሊጥ ዘይት ይበላል። ወንድሙ ጋ ሄዶ ደግሞ ምስሩን ይረሳል። አላወቅኩም። ከሳ ይሉኛል፣ እኔ ግን ቀበቶው ሲጠብበት አያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

የሞተው ሐሙስ ቀን ረፋድ ላይ ነው። «ታምሩ ወደቀ» ብለው ጠሩኝ። ሮጬ ስደርስ የልኳንዳው ወለል ላይ ተዘርግቷል። ሲወድቅ የተሰቀለውን የበሬ ጎን ይዞ ኖሮ፣ ሥጋው ከነሜንጦው ተነቅሎ ከላዩ ወድቋል። የቱ የበሬው፣ የቱ የእሱ ደም እንደሆነ አልለየሁትም። ቢያድግልኝ ከላዩ ተቀምጦ የሞተውን ሰው በጥፊ ይለዋል። «ተነስ! ተነስ አንተ! ምን ሆነሃል!» ቀኝ ጉንጩን፣ ግራ ጉንጩን። ገፍትሬው ተንበረከክኩና የባሌን አፍ ከፈትኩ። ያልዋጠው ጮማ ነበረበት። በጣቴ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ነው በረሃብ ገደልሽው ያለኝ።

አልከሰስኩትም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረኝ፣ በቃሉ ይባላል፣ እሱን ማሳደግ ነበረብኝ። ከብኸይታ ጋር ሆኜ ገበያ ላይ ዘይት እየሸጥኩ አሳደግኩት። አሥራ ሁለተኛ ጨረሰ። ከጨረሰ በኋላ ሥራ ፈልጎ አጣና አጎቱ ልኳንዳ ገባ። አትግባ ብዬ ለመንኩት፤ ገባ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንገቱ ጠፋ። ሰው «አሁን ገና የአባቱን ቤት መሰለ» ይለኛል። አጎቱም ዘንድሮ ለዳግማይ ትንሣኤ ቢላዋ ሊሰጠው ቀን ቆረጠ።

በጾሙ መጨረሻ አካባቢ በቃሉን ወባ ጣለው። እያንቀጠቀጠው ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሙዳሲር ጣቱን ወግቶ ወባውን አየና፣ ቀና ብሎ አየው። «የታምሩ ልጅ ነህ አይደል?» አለው። ሌላ ደም ከክንዱ ቀድቶ ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ብቻዬን አስጠራኝ።

«እትዬ ተሻለች፣ ኮሌስትሮሉ የሽማግሌ ሰው ቢሆን እንኳ ያስደነግጠኝ ነበር» አለኝ። «ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ከአባቱ የወረሰው ነገር አለ። እሱ ላይ ደግሞ ልኳንዳው ሲጨመርበት፣ አባቱ የደረሰበት ዕድሜ ድረስ መድረሱን እንጃ። መድኃኒት ልጀምርለት ነው። ግን መድኃኒቱን እየዋጠ ጮማውን ከቀጠለ፣ በአንድ እጅ እየጠረጉ በሌላው መድፋት ነው።»

«ቆይ፣ እንዴት እንደሚሆን ንገረኝ» አልኩት። «ተው ብቻ አትበሉኝ። ለታምሩም ተው ብቻ አላችሁት። ስቡ ሆዱ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ንገረኝ። ያወጣዋል ይላሉ እኮ!»

ሙዳሲር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የኩርሙክን የድንበር ኬላ ያውቃሉ?»

«አልሄድኩም፣ ግን ብኸይታ ሌት ተቀን የምታወራው ስለ እሱ ነው።»

«እንግዲህ አንጀት ኬላ ነው ይበሉ። ኮሌስትሮል በእግሩ አይሻገርም፣ የሚጭነው መኪና ይፈልጋል። መኪናው ቅባት ነው። ሐሞት ደግሞ ቅባቱን ሰባብሮ፣ አድቅቆ፣ ለመሻገር ያዘጋጀዋል። ኮሌስትሮሉም አብሮ ተሳፍሮ ይገባል።»

«ሁሉም ቅባት ይጭነዋል? የእኔም የሰሊጥ ዘይት?»

«ይጭነዋል፣ አልዋሽዎትም። የሚረጋው ግን ገብቶም አያርፍም። ጉበት ደሙን እንዳያጠራ እጁን ይይዘዋል። ሌላም አለ። ዘወትር እሱን የሚበላ አንጀት ራሱ ይለወጣል የሚሉ አሉ፤ አይጥ ላይ አይተውታል። ኬላ ጠባቂው መኪናውን ይለምደውና ሳይፈትሽ በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሰው ላይ ምን ያህል ነው የሚለውን ገና እየተከራከሩበት ነው።»

«የሚወጣውስ? በሰገራ የሚወጣው?»

«አንጀት ስስታም ነው እትዬ። ከመቶ እጅ ስብ ዘጠና አምስቱን ያስቀራል።»

«አንጀትም እንደኛ ከሰባ ሰባቱ ረሃብ የመጣ ነው በለኛ» አልኩት።

ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ «አረቄስ ምን ይቆርጣል?» አልኩት።

«ጉበት» አለኝ።

ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ካላየ አያምንም። እኔም አላመንኩም። ለፋሲካ ጎረቤት በግ ሲያርድ የላቱን ቁራሽና ሐሞቱን ከነከረጢቱ ለመንኩ። ቤቴን ዘግቼ ላቱን አቀለጥኩ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ አረቄ፣ አንዱ ውስጥ ውሃ ከሐሞት ጋር አድርጌ ስቡን ጨመርኩባቸው። መጀመሪያ ውሃው ቀዝቃዛ ነበርና ሁለቱም ረጉ። ተናድጄ ደፋሁት። ከዚያ ሆድ ሞቃት መሆኑ ትዝ አለኝና ውሃውንም አረቄውንም ሳላዳላ ለብ አደረግኳቸው። ሐሞቱንና ስቡን እንደገና ጨምሬ በማማሰያ መታሁ። አረቄው ውስጥ ያለው ስብ ተሰባስቦ ላይ ወጣ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል እንደ ክዳን ረጋ። ሐሞቱ ውስጥ ያለው ግን ጠፋ። ውሃው ደፈረሰ፣ አረንጓዴ ወተት መሰለ፣ ስቡ ግን የለም። ጣቴን ነክሬ አየሁት። የለም። እንግዲህ ስብ የሚቆረጠው በሐሞት ነው፤ የሚቆረጠውም ሊወጣ አይደለም፣ ሊገባ ነው። ሰዎቻችን ነገሩን ገልብጠው ይዘውት ኖረዋል። አረቄ ቆርጦ ያወጣል ብለው ይጠጣሉ፣ ሐሞታቸው ቆርጦ ያስገባል።

በማግሥቱ ልኳንዳው ደጃፍ ሄጄ በቃሉን አስጠራሁት። በደም የራሰ ሽርጡን እንዳገለደመ ወጣ።

«እማዬ፣ ሰው ፊት አትምጪብኝ አላልኩሽም?»

«ሙዳሲር የሰጠኝን የደምህን ውጤት ወረቀት አይተኸዋል። እኔ ነኝ ማንበብ የሚያንተባትበኝ፣ አንተ አንብበህ ገብቶሃል። የፊታችን እሑድ ያንን ዋንጫ እንዳትጠጣ።»

«አንድ ዋንጫ ነው። አንድ ዋንጫ ምን ያደርገኛል?»

«አንድ ዋንጫ ብቻ ጠጥቶ የተወ ማነው? አጎትህ በሩ ላይ ነው የሚያስጠጣህ። ከጠጣህ ገባህ።»

«ጋሼ ስልሳ ሊሞላው ነው፣ በየቀኑ ይበላል፣ በሬ ብቻውን ይጥላል።»

«እሱን ጥይት ስለሳተው ጠመንጃ አይገድልም ትላለህ?»

መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቅቤ ከልካይ ልጅ ሲሉኝ ነው ያደግኩት» አለኝ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እንደ ሰው ልቁም እማዬ።»

ይሄ ከቡጢው ይብሳል።

ቢያድግልኝ ቢላዋውን በሞረድ እያፋጨ ብቅ አለ። ሞረድ የሚሉት ያን ክብ ረጅም የመሳያ ብረት ነው። «ምን ትላለች?» አለ በቃሉን።

«ጋሼ፣ ልጁ ታሟል» አልኩ። ምን ቢሆን አንቱ ብዬው ነው የኖርኩት። «ደሙ ተመርምሯል። ወንድምዎን የገደለ ነገር እሱም ውስጥ ተገኝቷል። ይማሩልኝ።»

ወደ ውስጥ ዞሮ ለበላተኞቹ ጮኸ። «ሰማችሁ? ቅቤ ከልካይ ከባሏ ጨርሳ ወደ ልጇ ዞረች!»

ሳቁ። አንዱ ጥሬ ሥጋውን እያኘከ «ጥርስ ስለሌላት ነው፣ እኛም እንዳንበላ የምትመቀኘው» አለ። በቃሉ አልሳቀም። ግን ወደ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌዎቹን ሄጄ ለመንኩ፤ ያኔ ያስጎነበሱኝን ሽማግሌዎች። «ደም ተመረመረ ብሎ ሰው ሥጋ ይተዋል እንዴ?» ብለው መለሱኝ። ለቢያድግልኝም ነገሩት።

ሐሙስ ገበያ ላይ መጣ። እኔና ብኸይታ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን ተቀምጠናል። የማረጃውን ቢላዋ አወጣና የመጀመሪያውን ጀሪካን ሆዱን ቀደደው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እንደ በግ ነው የሚቀድደው፣ ከላይ ወደ ታች። ዘይቱ በቃሪያው፣ በጨርቁ፣ በእግራችን ላይ ፈሰሰ። አራተኛውን አቅፌ ያዝኩት። ጫማውን እጄ ላይ አሳረፈና ክብደቱን ሁሉ ጣለበት፤ የመሐል ጣቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አራተኛውንም ቀደደው።

«ሽማግሌ ዘንድ ስሜን ደግመሽ ብታነሺ ከዚህ ጀሪካን አትሻይም» አለኝ። ቢላዋውን በትከሻዬ ላይ ጠርጎ ሄደ። ገበያተኛው እንዳያንሸራትተው እግሩን ከፍ እያደረገ ያልፋል።

ብኸይታ ጣቴን በእንጨት ቁራጭና በሻሿ ጫፍ አሰረችልኝ። ለእሷ ሴትም ወንድም አንተ ነው። «ተሻለች፣ አንተ አታልቅስ» አለችኝ። «ዘይት ፈሰሰ፣ ሰሊጥ አለ፣ ደግሞ ይጨመቃል ወላሂ። ልጅ ግን አይጨመቅም። አንተ ልጅ አምጣ።»

«በምን ላምጣው? ሽማግሌ የለኝ፣ ወንድም የለኝ።»

«እጅ አለህ» አለችኝ። «አንድ ጣት ነው የተሰበረ።»

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ቴርሞስ ለብ ባለ ውሃ ሞልቼ፣ ጠርሙስ አረቄና ሁለት ብርጭቆ በዘንቢል ይዤ ልኳንዳው ገባሁ። ሴት እዚያ ደጃፍ ላይ ቆማ ትገዛለች እንጂ ወደ ውስጥ አታልፍም። አለፍኩ። ሃያ የሚሆን ወንድ ተቀምጧል። የጠዋቱ በሬ ተገፍፎ ተሰቅሏል፣ ሆድ ዕቃው በሳፋ ግንዱ ሥር ነው። በቃሉ አዲስ ነጭ ሽርጥ ታጥቆ ቆሟል። ቢያድግልኝ ምድጃው ላይ ካለው ድስት የቀለጠውን ላት በቀንዱ ዋንጫ እየቀዳ ነበር።

«ውጪ!» አለኝ።

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አሳያችኋለሁ። ከዋሸሁ ሁላችሁም ፊት ጉልበትዎን ደግሜ እስማለሁ።»

አንድ ሽማግሌ «ተዋት እስቲ፣ ታስቀን» አለ። ለመሳቅ ብለው ዝም አሉ።

መክተፊያው ግንድ ላይ ሁለቱን ብርጭቆዎች አኖርኩ። አንዱ ውስጥ አረቄ ቀዳሁና ለብ እንዲል ምድጃው ጠርዝ ላይ አስጠጋሁት። አንዱ ውስጥ ከቴርሞሱ ውሃ አደረግኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከሳፋው ውስጥ ጉበቱን ገለበጥኩ፣ ሐሞቱን አገኘሁት፣ ግንዱ ላይ የተሰካውን የቢያድግልኝን ቢላዋ ነቅዬ ቆረጥኩት። «ኧረ በሥላሴ! ሴት ቢላ ያዘች!» አለ አንዱ። አረንጓዴውን በውሃው ላይ ጨመቅኩት። ከድስቱ ትኩስ ላት ጨልፌ ለሁለቱም እኩል አደረግኩና ባልተሰበረው እጄ በማንኪያ መታሁ፤ አንዱን ትንሽ፣ አንዱን ትንሽ።

«ተነሡና እዩ። ስቡን የቆረጠው የቱ ነው?»

መጀመሪያ የመጣው ያ ታስቀን ያለው ሽማግሌ ነው። የአረቄውን ብርጭቆ አነሳ፣ ስቡ ከላይ ተሰብስቦ ነጭ ቆዳ እያወጣ ነው። የሐሞቱን አነሳ፣ አሽከረከረው። «ይሄኛው ውስጥ ጠፋ» አለ።

«አልጠፋም አባቴ። ደቅቆ ነው። አሁን አንጀት ይመጠዋል፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ኮሌስትሮል የሚሉትን አዝሎ ይገባል። ይህ ሐሞት እያንዳንዳችሁ ሆድ ውስጥ አለ። አረቄያችሁ ምንም አልቆረጠም፣ ምንም አላወጣም። ታምሩ እዚህ ወለል ላይ ሲወድቅ ሆዱ ውስጥ ሦስት መለኪያ አረቄ ነበር።»

በቃሉ ወደ ብርጭቆው ጠጋ ብሎ አየ። አየሁት፤ የወረቀቱን ነገር አሁን በዓይኑ እያነበበ ነበር።

የረጋውን የአረቄ ብርጭቆ ለቢያድግልኝ ዘረጋሁለት። «ጋሼ፣ ይጠጡታ። ያው ነው። አረቄና ላት ነው።»

ነጩን ክዳን አየ። «ይሄን እድፍ?» አለ።

«እድፍ ነው?»

ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። ፊቱ ደም መሰለ። ብርጭቆውን ከእጄ መትቶ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው፣ በሌላው እጁ እኔን በጥፊ ግንዱ ላይ ጣለኝ። ከዚያ ዋንጫውን ከድስቱ እንደገና ሞልቶ ወደ በቃሉ ዞረ።

«ጠጣ!»

«ጋሼ፣ ይቆየኝ... እስቲ ላስብበት» አለ ልጄ።

«ላስብበት? እናቴ በረሃብ ስትሞት ማን አስቦ ነው! ጠጣ አልኩህ!» በግራ እጁ መንጋጋውን ፈልቅቆ ያዘው፣ እንደሚጋት ጥጃ አንገቱን ወደ ኋላ ጠመዘዘውና ዋንጫውን አፉ ላይ ደፋው። ላቱ ገና ከእሳት መውረዱ ነበር። በአገጩ፣ በአንገቱ፣ በደረቱ ወረደ። ልጄ ሲጮህ ከአፉ የወጣው ስብ ነበር። ሃያ ወንድ ቆሞ ያያል። ልክ እንደ ድንኳኑ።

ሞረዱ ግንዱ ላይ ነበር። አነሳሁት።

«ልቀቀው!» አልኩ። አንቱታው ከአፌ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ዞር ሲልልኝ አፉን መታሁት። በብረቱ፣ በሙሉ ክንዴ፣ ስምንት ዓመት በያዝኩት ጉልበት። ጥርሱ እንደ ባቄላ ሽርጡ ላይ ተበተነ። ዋንጫው ወደቀ። ልጄን ለቀቀው። ግን ቢያድግልኝ ቢያድግልኝ ነው፤ ደሙን ተፍቶ ቢላዋው ወዳለበት ግንድ እጁን ሰደደ። ቀኝ እጁን። የአጥንት መስበሪያው መጥረቢያ እግሬ ሥር ነበር። በሁለት እጄ አነሳሁት፣ የተሰበረው ጣቴ እሳት ሆነብኝ፣ በጀርባው በኩል እጁ ላይ ጣልኩት። ግንዱ ላይ እንዳለ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ምት እጁ ቢላዋ ደግሞ እንዳይዝ ነው፣ ሦስተኛው የእኔ ነው።

ተንበረከከ። እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ እንደ ሕፃን ይወዛወዛል። «እናቴን... እናቴን ብታያት» ይላል በተረፈው ጥርሱ። አዘንኩለት። ማዘኔን አልደብቅም። ግን መጥረቢያውን አላስቀመጥኩም።

የተረፈውን የድስቱን ላት አንስቼ ምድጃው ውስጥ ደፋሁት። እሳቱ እስከ ጣሪያው ነደደ፣ ወንዶቹ እየተጋፉ በሩን ለቀው ወጡ። በቃሉ ነጩን ሽርጥ ፈትቶ ወለሉ ላይ ጣለው። አንገቱ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። በቴርሞሱ የቀረውን ውሃ ላፈስበት ስል «ሞቃት ነው እማዬ» አለኝ። የበርሜሉን ቀዝቃዛ ውሃ ጨልፌ አፈሰስኩበት፣ አፈሰስኩበት፣ መንቀጥቀጡ እስኪቀንስ።

ከዚያ ሁለታችን በአስፋልቱ ወረድን፣ እሱ ወደ ሙዳሲር፣ እኔ ወደ ፖሊስ ጣቢያ። ጤና ጣቢያው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አልታጠፈም። «አብሬሽ ልግባ» አለ። «ሂድ ታከም» አልኩት። «ከዚያ መድኃኒቱን ተቀበል። ካልተቀበልክ ይሄን ሁሉ ለምን አደረግኩት?» ሄደ። መግባቱን ቆሜ አይቼ ነው የቀጠልኩት።

ጣቢያው ውስጥ መጥረቢያውንና ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ተረኛው ፖሊስ ደነገጠ።

«ምን ሆነሽ ነው እናት?»

«ቢያድግልኝን መታሁት። አፉን በዚህ፣ እጁን በዚህ።»

መጥረቢያውን ገልብጦ አየ። ጀርባው ላይ ደም አለ፣ ስለቱ ንጹሕ ነው። «ለምን በዚህ በኩል?» አለኝ።

«ስለቱ የበሬ ነው» አልኩት። «ጻፍ፣ ስሜ ተሻለች ነው።»